የተፈረመበት ድምፅ

አባቴ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ፈርሟል። በራሱ እስክሪብቶ ሙሉ ስሙን ከነአያቱ ጽፎ፣ ቀኑንና ስልክ ቁጥሩን ጨምሮ። ይህን የነገረኝ ከምርጫ ጣቢያው ወጥተን መንገዱን ከተሻገርን በኋላ ነው፤ ያውም በኩራት።

አሁን የምንኖርበትን አገር አርባ ዓመት የገዛው ፓርቲ ዘንድሮ ሊወርድ ይችላል እየተባለ ነው። ጋዜጣው ሁሉ «ታሪካዊ ምርጫ» ይላል። እኛም ዜግነት ለማግኘት አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀናል። አንድ ሳምንት ሙሉ የድምፅ መስጫውን ናሙና ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አባቴን አስጠንቼዋለሁ፦ አንድ ምልክት፣ ከዚያ አጥፎ ሳጥን ውስጥ መክተት። «አትፈርም» ማለት ግን በሕልሜም አልመጣልኝም።

ሊመጣልኝ ይገባ ነበር። አባቴ አገራችን ሳለን ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቷል። ፊርማ የሌለው ወረቀት ከመጣለት ላመጣው ሰው ይመልሳል። እዚህም ለጎረቤታችን «ቧንቧሽ ያንጠባጥባል» ብሎ በበሯ ሥር ያስገባላት ቁራጭ ወረቀት ላይ ፈርሟል።

ወረቀቱ እንደማይቆጠር አልነገርኩትም። በማግሥቱ የምሠራበት ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሿ «እናንተም መረጣችሁ እንዴ?» አለችኝ። «እናንተም» ማለቷ አንጀቴን አሳረረው። «አዎ» አልኩና አንሶላ ማጠፌን ቀጠልኩ። ይባስ ብሎ ያናደደኝ መልሴ ግማሹ ውሸት መሆኑ ነው።

ውጤቱ ሲነገር ከግማሽ በላይ ያገኘ ጠፋ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለተኛ ዙር አለ ተባለ። አባቴ ወዲያው እስክሪብቶውን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ጋዜጣው ጠርዝ ላይ ሞከረው። ከዚህ በኋላ መደበቅ አልቻልኩም።

«አባዬ፣ የፈረምክበት ወረቀት አልተቆጠረም።»

«ማን ነው ያልቆጠረው?»

«ሕጉ ነው። ስም ያለበት አይቆጠርም።»

«ስም የሌለውንማ ማንም ይጽፈዋል።»

«ማን ማንን እንደመረጠ እንዳይታወቅ ነው።»

«እኔ ይታወቅ ነው የምለው። እዚያ ሳለን ስንፈራ ኖርን። እዚህ ሳልፈራ ስሜን ብጽፍ ተበላሸ ትይኛለሽ።»

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ምርጫ ሦስት ኮርስ ወስጃለሁ። ስለሚፈርም መራጭ ግን በአንዱም አልተነሣም። በእሱም በሕጉም ተናድጄ ተነሣሁና የታጠበ ብርጭቆ መልሼ አጠብኩ።

«ስንገባ ያስፈረሙን መዝገብስ?» አለ ከኋላዬ።

«እሱ መጣህ ለማለት ነው።»

«ፈርሜበታለሁ?»

«ፈርመሃል። አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ እንደሱ አትይኝም?»

በሁለተኛው ዙር መዝገቡ ላይ ፊርማውን እንደ ጥልፍ ቀስ ብሎ አሳመረው። ከኋላችን ያለው ሰልፍ አጉረመረመ። እኔም መሬት መሬቱን አየሁ። ከዚያ እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጥቶ ባዶ እጁን ወደ መጋረጃው ገባ።

ሲወጣ ፊቱ ጠቁሯል።

«ምነው አባዬ?»

«በእርሳስ ነው የሚያስመርጡት» አለኝ። «እርሳስ እኮ ይጠፋል።»