ከሦስተኛው ሰገነት የተሰማ

አባቴን ሰፈሩ «ጀሶው» ነው የሚለው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ኮርኒስ ሲሠራ ኖሮ ነጩ አቧራ ከቅንድቡ ለቆ አያውቅም። የከተማችንን ትልቁን ቲያትር ቤት ኮርኒስ ከሠሩት አንዱ መሆኑን የማያውቅ የለም። እሱ ግን ቤቱ ከተመረቀ ወዲህ እግሩን አስገብቶ አያውቅም። እናቴ በሕይወት ሳለች ትኬት ይዛ ስትለምነው «አሞኛል» ይላት ነበር። እኛም ጨዋታ የማይወድ ደረቅ ሰው ነው ብለን ተውነው።

ቲያትር ቤቱ ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ተዘግቶ ዘጠኝ ዓመት ቆየ፤ በመጨረሻ ይፍረስ ተባለ። ሥራዬ የሕንፃ ንድፍ ነውና ሳይፈርስ ለክቼ በወረቀት እንዳስቀረው ተላክሁ። ሁለት ሳምንት ሜትር ይዤ ዞርኩ። አዳራሹ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ አለው፤ ሦስት ሰገነቶች አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው መድረኩን ያቅፉታል። ወንበሩ ሻግቷል፣ ደረጃውን የእርግብ ኩስ አልብሶታል። ቀና ሲሉ ግን ጉልላቱን የሞላው የጀሶ አበባ አሁንም አፍ ያስከፍታል። ያ ሁሉ ክብደት በምን እንደተንጠለጠለ ሊገባኝ አልቻለም፤ የጥንቱ ንድፍም ጠፍቷል። አባቴን ጠየቅሁት። ሁለት ቀን «ሥራ አለኝ» እያለ ሸሸኝ። ቅዳሜ ጠዋት ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

አዳራሹ ውስጥ ስንገባ አንደበቱ ተፈታ። ኮርኒሱ ከጣሪያው ጋር እንደማይነካካ፣ ቃጫ በጀሶ እየነከሩ በጣውላ ጎድኖች ላይ እንደለበጡት፣ ጎድኖቹም ከላይ በሽቦ እንደተያዙ አስረዳኝ። ድምፅ የሚሸከመው በመሀል ያለው ባዶ ነው አለ። ሲናገር ሽማግሌነቱ ጠፋብኝ።

«እስቲ ሦስተኛው ሰገነት ውጪና ስሚኝ» አለኝ።

ትንፋሼ እየተቆራረጠ ወጣሁ። አባቴ መድረኩ መሀል ቆሞ ወደ ጉልላቱ አንጋጧል። ገና ያልደረስኩ መስሎታል።

«ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። «ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ቸኩዬ ነበር። እንጨቱ ከዳው ያልኳቸው ውሸቴን ነው።»

ጋሼ የሚለው ታላቅ ወንድሙን ነው። አጎቴ እኔ ሳልወለድ ይህንኑ ኮርኒስ ሲሠራ ከመወጣጫው ወድቆ ሞቷል፤ የበሰበሰ እንጨት ተሰብሮበት ነው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ሚስቱ እትዬ በተጋቡ በሁለት ዓመታቸው ብቻዋን ቀረች፤ ሌላም አላገባች። አባቴ አርባ ሁለት ዓመት ጣሪያዋን ጠገነላት፣ ግድግዳዋን ቀባላት፣ ስትታመም ሐኪም ቤት አመላለሳት። የሰፈሩ ሴቶች እንዲህ ያለ ዋርሳ ይስጠን እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ስወርድ የመድረኩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ሰማሽኝ?»

«አልሰማሁም፣ አባዬ። ገና ደረጃው ላይ ነበርኩ።»

ትክ ብሎ አየኝ። «ሰምተሻል። እኛ ነን እኮ የሠራነው። እዚህ ሹክ ያሉት እዚያ ይደርሳል።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያን ቀን የምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር የመወጣጫውን ገመድ አራት ዙር በመጠምጠም ፈንታ ሁለት ዙር ጠምጥሞ መውረዱን ነገረኝ። ጋሼ አንዲት አበባ ልጨርስ ብሎ ወጣ፤ ገመዱም ተፈታ። እናታቸው እያለቀሰች ምን ሆኖ ነው ስትለው፣ እውነቱን ልናገር ብሎ አፉን ሲከፍት «እንጨቱ» የሚለው ቃል ቀድሞ ወጣ። ከዚያ መመለሻ አጣ።

በማግስቱ እትዬ ዘንድ ሄደ። እኔ ደጅ ጠበቅሁት። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ምስር እየለቀመች አንገቷን ሳታቀና ሰምታው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው አለኝ፤ «ሲወድቅ ማንን ጠራ?» «እኔን» ብሏታል። ምስሩን አስቀምጣ ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ አለችው።

ቲያትር ቤቱን በሦስት ሳምንት አፈረሱት። ንድፌ ተጠናቆ መሥሪያ ቤታችን መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። አባቴ ሲፈርስ ሊያይ አልሄደም። የእትዬ ጣሪያ ዳግም ማፍሰሱን በሰው በሰው ሰምቶ ሠራተኛ ላከላት፤ ሠራተኛውን ከበር መለሰችው። በዚያ ወር ከሥራ ቀረ፤ ምግብም እምቢ ይል ጀመር። ዓመት ከመንፈቅ እንደዚያ ሆኖ ኖሮ ሞተ።

እትዬ ለቀብሩ አልመጣችም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ግን በእንግዳው መሀል አልፋ በቀጥታ ወጥ ቤት ገባች። እጅጌዋን ሰብስባ የተከመረውን ብርጭቆ ማጠብ ያዘች። እኔ ጎኗ ቆሜ አደረቅሁ። ስትጨርስ እጇን በነጠላዋ አብሳ ትከሻዬን ያዘች።

«አንቺ አልበደልሽኝም» አለች። «ብቅ በይ።»

እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጎረቤቷ፣ ስለ ሥራዬ እናወራለን። የሁለቱን ወንድማማቾች ስም ግን እሷም አታነሳ፣ እኔም አላነሳ።