ቃጫ የታሰረበት ድስት

ብርሃነሽ አበራሽን የጠላቻት፣ አበራሽ ክፉ ሴት ሆና አይደለም። ክፉ ብትሆንማ ምን ችግር ነበረው! ክፉ ሰው ይታማል፣ ያማውም ሰው ቀልሎት ያድራል። ጭንቁ አበራሽ ደግ መሆኗ ነው። ደግ ሰው እንዴት ይታማል? ቢታማም ሐሜቱ ዞሮ የሚነክሰው ያማውን ነው።

ብርሃነሽ ከባሏ ከተክለወልድ ጋር ከቡልጋ መጥታ አሰላ ላይ ጎጆ ከቀለሰች ብዙ ዘመኗ ነው። ተክለወልድ ጨውና አቡጀዲ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችው። አጥራቸው ከከብት ነጋዴው ከከዲሮና ከሚስቱ ከሀሊሜ ጋር አንድ ነው። በዚያ አጥር ላይ ሁለቱ ሴቶች ገና በወጣትነታቸው ያበጇት ሽንቁር አለች። በሽንቁሯ ቅቤ ይመጣል፣ ጎመን ይሄዳል፤ እሳት ይመጣል፣ ወሬ ይሄዳል። የሀሊሜን የበኩር ልጅ የዙቤዳን እትብት የቆረጠችው ብርሃነሽ ናት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? ሃይማኖታቸው ግን ለየቅል ስለሆነ አንዷ ያረደችውን ሌላዋ አትቀምስም። ስለዚህ በብርሃነሽ መደርደሪያ ጫፍ ላይ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ አንድ ነጭ ሳህን ለብቻው ይቀመጣል። ሥጋ ነክቶት አያውቅም፤ የሀሊሜ ሳህን ነው። ሀሊሜ ስትመጣ ሽሮውም ዳቦውም የሚቀርብላት በእሱ ነው።

ታዲያ አበራሽ መጣች። ባሏ ሲሬ ላይ ሞቶባት፣ አሰላ ገብታ፣ ከሀሊሜ ግቢ በወዲያኛው ወገን ቤት ተከራይታ ጠላ መጥመቅ ጀመረች። ከብርሃነሽ በዕድሜ ታንሳለች። ሰው ሲታመም ከዘመዱ ቀድማ የምትሰማ ሴት ናት። የሚያስታምመው የሌለውን ታጥባለች፤ እናት ለሌለው አጥሚት ትሠራለች። የማርያም ማኅበር የነፍስ አባት ቄስ ወልደጻድቅ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ “እንደ አበራሽ ያድርገን” ማለት ለመዱ። ብርሃነሽ ከሴቶቹ ሁሉ ጮክ ብላ “አሜን” ትላለች፤ ሆዷ ግን እንደ እርሾ ይኮመጥጣል።

እስከዚህ ድረስ እንኳ ትችለው ነበር። ያልቻለችው የታኅሣሡን ነገር ነው። በዚያ በታኅሣሥ አዲስ አበባ ላይ ግርግር ተነሣ፣ ተኩስ ሆነ፣ ሰው አለቀ ተባለ። አሰላም በወሬ ተናጠች፤ ማን ከማን ጋር እንደሆነ ስለማይታወቅ ሰው ሁሉ በሩን ዘጋ። ከዲሮ ሰንጋ ነድቶ እንደሄደ እዚያው አዲስ አበባ ቀርቶ ነበር። ሀሊሜ ወደ ሽንቁሯ መጥታ “ብርሃነሽ! ብርሃነሽ!” እያለች ተጣራች። ተክለወልድ “በዚህ ቀን የሰው ቤት ገብቶ መገኘት ምን እንደሚያመጣ አይታወቅም፤ ተይ” አላት። ብርሃነሽም ከበሩ ኋላ ቆማ ዝም አለች። አበራሽ ግን ጋቢዋን ደርባ ሄዳ፣ ከዲሮ በደኅና እስኪመለስ ድረስ ከሀሊሜ ጎን አልተለየችም።

ከዚያ ወዲህ የሀሊሜ ሳቅ ከወዲያኛው አጥር ይሰማ ጀመር። ቅቤውም ወደዚያ ይሄዳል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ወደ ብርሃነሽም መምጣቱ አልቀረም፤ እሷ ግን የጎደለውን እንጂ የመጣውን አታይም። ቀናተኛ ዓይን እንዲህ ነው።

ጥር ሃያ አንድ፣ አስተርእዮ ማርያም፣ ማኅበሩ የሚጠጣው አበራሽ ቤት ሆነ። በሚቀጥለው ወር ጽዋውን የምትቀበለው ብርሃነሽ ናት። በዓሉ እሑድ ዋለ፤ በነጋው ነነዌ ስለሚገባ ሰው ሁሉ ለሥጋው አሰፍስፏል። አበራሽም የጭንቁን ወር በሰላም አለፍን ብላ እስላም ጎረቤቶቿን ጭምር ጠራች። አንዱን በግ የማኅበሩ ሰው በስመ ሥላሴ ባረከው፤ ሌላውን ከዲሮ በቢስሚላሂ አረደው። ወጡ የተሠራው ከገበያ አዲስ በተገዙ ሁለት ድስቶች ነው። ከአንዲት ሸክላ ሠሪ እጅ የወጡ ስለሆኑ መንታ ይመስላሉ። ስለዚህ አበራሽ የእስላሙን ድስት ጆሮ በቃጫ አሰረችው፤ ለየድስቱም የየራሱን ጭልፋ አደረገችለት።

“እትዬ ብርሃነሽ” አለቻት፣ “እርስዎ እባክዎ ከድስቱ አይለዩ።”

ብርሃነሽ ደሟ ፈላ። ሌሎቹ ዳስ ውስጥ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲቀመጡ እሷን ጭስ ላይ! ለትናንት መጤ ምድጃ ጠባቂ ልትሆን! ግን “እሺ” አለች። ዱካ ላይ ተቀምጣ እያማሰለች ዳሱን አሻግራ ታያለች። ሀሊሜ አዲስ ሻሿን አስራ መጣች። አበራሽ ደጃፍ ድረስ ወጥታ ተቀበለቻት፣ ተሳሳሙ፤ ሀሊሜ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻትና ሁለቱም ወደ ምድጃው ዞረው አይተው ፈገግ አሉ። “በእኔ ሳቁ” አለች ብርሃነሽ በልቧ።

ሰይጣን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ምድጃው አጠገብ ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም። የብርሃነሽ እጅ ሄደ፣ ቃጫውን ፈታ፣ ከአንዱ ድስት ጆሮ ወደ ሌላው አዛወረው።

እንግዲህ ሐሳቧን ስሟት። ሰው ረክሶ እንዲቀር አልፈለገችም፤ ያን ያህል አልከፋችም። ወጡ እስኪቀርብ ልትጠብቅ ነው። ከዚያ ሮጣ ወጥታ “ኧረ በማርያም! አበራሽ ድስቱን አሳስታ! እኔ ባላይ ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር!” ልትል ነው። አንድ ሰው ሳይቀምስ፣ አበራሽ ዝርክርክ፣ እሷ አዳኝ ትሆናለች። ሀሊሜም ማን እንደሚበጃት ታያለች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው።

ጥሩሰው መጣች። ድምፀ ትልቅ፣ ልበ ቅን የማኅበሩ ሴት ናት። ቃጫ ከታሰረበት ድስት ለእስላሞቹ፣ ካልታሰረበት ለማኅበርተኛው ጨልፋ ይዛ ወጣች። ያኔ ብቻ ነው ብርሃነሽ ሌላውን ግማሽ ያሰበችው፦ ቄስ ወልደጻድቅ ፊት ሊቀርብ የሄደው ከዲሮ ያረደው በግ ነው! በአበራሽ ላይ ዓይኗ ሲፈጥ የራሷን ማኅበር ረስታ ነበር። ክው ብላ ተነሣችና ወደ ዳሱ ሮጠች።

ቄሱ ገና ማዕዱን እየባረኩ ነው። በእስላሞቹ ወገን ግን አባ ከሊፋ፣ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ፣ በሃይማኖታቸው የማይቀልዱ ሽማግሌ፣ እጃቸውን ታጥበው ሀሊሜን በጥርጣሬ ያያሉ።

“ልጄ፣ ይህን ድስት ማን ነው የጠበቀው? የክርስቲያን ቤት ነው፣ ጭልፋ ከጭልፋ ይቀላቀላል።”

ሀሊሜ ሳቀች። “አይስጉ አባ ከሊፋ። ብርሃነሽ ናት የቆመችው። ‘ድስቱን ብርሃነሽ ካልጠበቀችው አልመጣም’ ብዬ አበራሽን ያስገደድኳት እኔ ነኝ። አሁን እንኳ ስገባ ‘አስቀመጥሽልኝ?’ አልኳት፤ ‘ያቻትልሽ’ ብላ አሳየችኝ። የዙቤዳን እትብት የቆረጠች እኮ ናት!”

“ብርሃነሽ ካለችማ” አሉ ሽማግሌው፣ “ቢስሚላሂ።” እጃቸው ወደ ገበታው ሄደ።

“አትብሉ!” ብላ ጮኸች ብርሃነሽ። “አባቴ፣ እርስዎም አይቅመሱ! ማንም እንዳይበላ! ድስቱ ተለዋውጧል!”

ወደ ገበታው የተዘረጋ እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ። የአባ ከሊፋ ፊት ጠቆረ። አበራሽ ከጠላ ጋኑ አጠገብ ሮጣ መጣች፤ ብርሃነሽን አንድ ጊዜ ብቻ አየቻት። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞራ አንገቷን ደፋች።

“ጥፋቱ የእኔ ነው። ጠዋት ቃጫውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ጥድፊያ ላይ ነበርኩ፣ ተሳስቼ ነው። አባ ከሊፋ፣ ከእግርዎ እወድቃለሁ።” እውነትም ልትወድቅ ጎንበስ አለች።

ያን ጊዜ ብርሃነሽን የያዛት ቅናት፣ እስከዚያ ሰዓት ከቀናችው ሁሉ የባሰ ነበር። ይህንንም! ጎረቤቴን ወሰደች፣ የቄሱን ምርቃት ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ኃጢአቴን ልትወስድብኝ! በእኔ ጥፋት እሷ ልትጸድቅበት! ነገ ቄሱ ይህንንም ሊያስተምሩበት!

“ውሸቷን ነው!” አለች። “ምን አግብቷት! ያዛወርኩት እኔ ነኝ። በስህተት አይደለም፣ ሆን ብዬ ነው። በዚህ በእጄ!”

እነሆ፣ በዚያ ቀን ብርሃነሽን እውነት ያናገራት ጽድቅ አይደለም፣ ቅናት ነው። እግዜር በየትኛው እንጨት እሳት እንደሚያነድ ማን ያውቃል።

ሀሊሜ ቀስ ብላ ተነሣች። ሲከፋት አማርኛው ይጠፋባታል። “ማሊፍ?” አለች። “ለምን? ለምን ብርሃነሽ?”

“ለእሷ ስለምትስቂ” አለች ብርሃነሽ፤ እንባዋ ጭሱንና ላቡን እያጠበ ወረደ። “ቅቤሽን ወዲያ ስለምትወስጂ። እኔን ስለተውሽኝ።”

ሀሊሜ ሻሿን አጥብቃ አስራ ወጣች። ከዲሮም አባ ከሊፋም እጃቸውን ታጥበው ተከተሏት። “በዚህ በተበጠበጠ ዘመን” አሉ ሽማግሌው ከዳሱ ሲወጡ፣ “ድስት እንኳ የማይታመን ከሆነ ሰው በምን ይኖራል?”

ማኅበርተኛውም ሥጋ ሳይቀምስ ዳቦና ጠላ ቀማምሶ ተነሣ። ጽዋው የሚተላለፍበት ሰዓት ሲደርስ ቄስ ወልደጻድቅ ብርሃነሽን አልጠሩም።

“የተጣላ ሰው ጽዋ አያነሣም፤ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ልጄ፣ እስክትታረቂ ተራሽ ለጥሩሰው ነው።”

“ከአበራሽ ጋር አሁን እዚሁ ያስታርቋቸዋ፣ አባቴ” አለች ጥሩሰው።

“አበራሽማ አልተቀየመችም። የተበደለችው ሀሊሜ ናት።”

“እስላሟ? ለማርያም ጽዋ?”

“ጌታ ታረቁ ሲለን” አሉ ቄሱ፣ “ከአጥር ወዲህ ያለውን ብቻ አላለም።”

ነነዌ ገባ። ብርሃነሽ ጾመች፤ መጾም ብቻ አይደለም፣ ውሃም አልወርድ አላት። ተክለወልድ ሱቁን ቀድሞ ይከፍታል፣ አምሽቶ ይዘጋል፤ በታኅሣሥ “ተይ” ማለቱን እያስታወሰ መሰለኝ፣ ዓይኗን አያይም። በሽንቁሯ ምንም አልመጣም፣ ምንም አልሄደም። ሦስተኛው ቀን ላይ ብርሃነሽ ያንን ጠርዙ ሰማያዊ ሳህን አወረደች፣ በአመድ ፈትጋ አጠበችው፣ በነጠላዋ ሸፈነችው። የሰው ዕቃ ነው፤ ወዳጅነት ሲያልቅ ለባለቤቱ ይመለሳል። በሽንቁሯ ለማለፍ አፈረችና ዞራ በዋናው በር ገባች።

ሀሊሜ ገብስ በስፌድ ታበጥር ነበር። ቀና ብላ አየቻትና ስፌዱን አላስቀመጠችም።

“በሽንቁር መምጣት ተውሽ?”

“አፍሬ ነው።”

“በታኅሣሥ ስጠራሽ ሰምተሽኝ ነበር?”

ብርሃነሽ ልትዋሽ አፏን ከፈተች፣ ግን አልሆነላትም። “ሰምቼሽ ነበር።”

“አውቃለሁ” አለች ሀሊሜ። “ከበሩ ሥር እግርሽን አይቼዋለሁ። ያ ረቢ፣ እሱን አልተቀየምኩሽም። ፈራሽ፤ እኔም ፈርቼ ነው የጠራሁሽ። ፈሪ ፈሪን እንዴት ይቀየማል? እንዳልተቀየምኩሽ እንድታውቂ ብዬ ነው ድስቱን እሷ ትጠብቅ ያልኩት። ያ ነው ያመመኝ።”

ብርሃነሽ ነጠላዋን ገልጣ ሳህኑን ዘረጋችላት።

ሀሊሜ ሳህኑን አየችው። ስፌዱ ቆመ። “ይህ ምንድን ነው?”

“ሳህንሽ ነው። ልመልስልሽ ብዬ።”

“ስመጣ በምን ልበላ ነው?”

“ትመጫለሽ?” አለች ብርሃነሽ፣ ድምፅዋ ተቆራርጦ።

“ዛሬ አልመጣም። ነገም አልመጣም። ገና ተቆጥቻለሁ፤ ቄስሽ ‘ታረቂያት’ ብለው ሰው ቢልኩም ‘ገና ነኝ’ ብያቸዋለሁ። ሳህኑን ግን ቦታው አስቀምጪው። በሽንቁሩ ግቢ፣ በመንገድ አትዙሪ።”

ብርሃነሽ ሳህኑን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ሽንቁሯ ሄደች። ጎንበስ ብላ ልታልፍ ስትል አንድ ጥያቄ ጉሮሮዋ ላይ መጣ፦ አበራሽ ቤትስ ሳህን አለሽ? ዞር አለች። ሀሊሜ ገብሷን ማበጠር ቀጥላለች፤ ከወዲያኛው አጥር የአበራሽ የጠላ ጋን ሲታጠን ጭሱ ይታያል። ጥያቄው ምላሷ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ አቃጠላት።

አልጠየቀችም። ምላሷን ነክሳ በሽንቁሯ አለፈች፤ ቤቷ ገብታም ሳህኑን ቦታው ላይ አስቀመጠችው።