የአበልጅ ቤት

እታለም ልጇን አዝላ ከገበዝ ማርያም ፍኖተ ሰላም የገባች ጊዜ ማረፊያ የሰጧት እትዬ የሻሽወርቅ ናቸው። ከትልቁ ቤት ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል አከራዩዋት፤ ሕፃኗን ያምሮትንም ክርስትና አነሡላት። ከዚያ ወዲህ አከራይዋም አበልጇም ሆኑ። እታለም በልብስ ስፌት ኑሮዋን እያቃናች፣ ለዓመት በዓል ድፎ ዳቦ፣ በወሩ መጨረሻ ደግሞ ኪራይ ይዛ ያንኑ በር ታንኳኳ ነበር።

ዘንድሮ ግን አገሩ ሰላም ቢያጣ የገጠሩ ሰው ወደ ከተማ ጎረፈ። ቤት ፈላጊ ሲበዛ የሰፈሩ አከራዮች መከሩና ኪራዩን ባንዴ እጥፍ አደረጉት፤ ያልተስማማው ይልቀቅ ተባለ። እታለም ወዴት ትልቀቅ? ወደ አገሯ እንዳትመለስ መንገዱ አያስተማምንም፤ ብትደርስስ የአባቷን ማሳ ወንድሟ ጠቅልሎ ይዞታል። እዚሁ ሌላ ቤት እንዳትፈልግ አከራዩ ሁሉ አንድ ቃል ሆኗል። መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ስትሰፋ ግድግዳው እየተጠጋ የሚመጣባት ይመስላታል።

ተከራዮቹን ያሰባሰበው የግቢው ጎረቤቷ መምህር ደሞዝ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ጥድ ሥር አቁሞ፣ «ለየብቻ ከለመንን ለየብቻ ያስወጡናል» አላቸው። «ጭማሪው በልክ ይሁን፣ ውሉም የዓመት ይሁን ብለን በሽማግሌ ፊት እንጠይቅ። እስከዚያ ማንም ለብቻው እንዳይዋዋል።»

ሁሉም ቃል ገቡ። «እትዬ የሻሽወርቅንማ እታለም ትናገርልን፤ አበልጇ አይደሉም?» ቢሉ፣ እታለም እምቢ የምትልበት አፍ አጣች።

በማግሥቱ እትዬ የሻሽወርቅ አስጠሯት።

«አንቺን አልነካሽም፤ በዱሮው ኪራይ ተቀመጪ» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ብቻ ከነዚያ ጋር አትቁሚ። ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

«እነሱስ፣ እትዬ?»

«እነሱን ክርስትና አላነሣሁላቸው! እኔስ በምን ልኑር ልጄ? ባል የለኝ፣ ጡረታ የለኝ። የሚያበላኝ ይኸው ቤት ነው።»

እውነታቸውን ነው፤ እታለምን አጣብቂኝ ውስጥ የከተታት ይኸው እውነት ነው። እሺ ብትል ጎረቤቶቿን ከዳች፤ እምቢ ብትል ልጇን ያቀፉላትን ሰው አዋረደች። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። ከዚያ በኋላ የደሞዝ ሚስት እህተ ማርያም «እንዴት አደርሽ» ባለቻት ቁጥር ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ቀኑ ደርሶ በሽማግሌው በአባ ይሄይስ ደጅ ተሰበሰቡ። አከራዮቹ ባንድ ወገን፣ ተከራዮቹ በሌላው ተቀመጡ። «በይ ተናገሪ» ቢሏት እታለም ተነሣች። እትዬ የሻሽወርቅ ዓይናቸውን አልነቀሉባትም።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «እኔን በዱሮው ኪራይ ተቀመጪ ብለውኛል። ለኔ የተቻለ ለነሱ እንዴት አይቻልም? የኔ ይጨመርና የሁላችንም በልክ ይሁን።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። አከራዮቹ ወደ እትዬ የሻሽወርቅ ዞረው ያጉረመርሙ ጀመር፤ ለካ አድማውን ቀድመው ያፈረሱት እሳቸው ናቸው! እትዬ የሻሽወርቅ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት።

ሲከራከሩ ውለው ጭማሪው ከእጥፍ ወደ ሩብ ወረደ፤ ውሉም የዓመት ሆነ። ሰዉ መመራረቅ ሲጀምር እትዬ የሻሽወርቅ ተነሡ።

«የእሷን ክፍል ግን እፈልገዋለሁ። ልጄ ከቡሬ ሊመጣ ነው።»

«ይህማ ቂም ነው!» አለ ደሞዝ።

አባ ይሄይስ አንገታቸውን ደፉ። «ልጅ እናቱ ቤት ቢገባ ማን ይከለክላል?»

እታለም ከዚያ ወዲያ ያላንኳኳችው በር የለም። አንዱ «ተይዟል» ይላታል፣ ሌላው ገና ሲያያት በሩን ይመልሳል። በመጨረሻ እህተ ማርያም እዚያው ግቢ ያለውን የራሳቸውን ክፍል በመጋረጃ ከፈለችላት። እታለም ከመጋረጃው ወዲህ መኪናዋን አስገብታ አልጋ ስትዘረጋ እግር መዘርጊያ ጠፋ። ከወዲያ ደሞዝ የተማሪ ፈተና ያርማል፤ ሲያገላብጥ ወረቀቱ ይሰማታል። ያምሮት ስታስል ደግሞ ሁሉም ይነቃሉ።

በእመቤታችን ቀን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከአበልጇ ጋር ተገጣጠሙ። እታለም ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ብትል እትዬ የሻሽወርቅ ፈቀቅ አሉ። ያምሮትን ግን አቅፈው ጉንጯን ሳሙ፤ ፀጉሯን ዳበሱ፤ ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እታለምም ልጇን ይዛ ተመለሰች፤ ሌላ መግቢያ ስለሌለ በዚያው በእትዬ የሻሽወርቅ የግቢ በር ገባች። የቀድሞ ክፍሏ እንደተቆለፈ ነው። ከቡሬ የመጣ ሰው የለም።