ከክንፉ ሥር ያለው ስንጥቅ

አስመረት ስንጥቁን ያገኘችው የግራው ክንፍ ከአውሮፕላኑ ገላ ጋር በሚያያዝበት ብረት ላይ ነው። በዓይን አይታይም። መመርመሪያው ሲጮህ ቦታውን ወልውላ ደገመችው፤ መልሶ ጮኸ። የአንድ አነስተኛ የግል አየር መንገድ መርማሪ ናት፤ ያ አሮጌ አውሮፕላን ደግሞ መንገደኛ ጭኖ ክፍለ ሀገር ይመላለሳል።

«መቆም አለበት» አለች።

የጥገና ኃላፊው አቶ ገሰሰ አልተቆጧትም። «መለዋወጫው ታዟል። እስኪመጣ ያደርሰናል» አሏት። ከእሳቸው በላይ ላሉትም ተናገረች፤ መልሱ ያው ሆነ።

ባሏ ኢያሱ የዚያው ድርጅት አብራሪ ነው። አመሻሹ ላይ ገርጂ ቤታቸው ሲገባ በር ላይ ጠበቀችው።

«ነገ በየትኛው ነው የምትበረው?»

«በዚያው ባንቺ በሽተኛ» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ኢያሱ፣ በልጃችን ይዤሃለሁ፣ አትሂድ።»

«እኔ ብቀር ሌላ ሰው ይመደባል እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች። ማን እንደሚመደብ ግን አልተነጋገሩም።

በማግሥቱ ኢያሱ ደውሎ አሞኛል አለ። ትንሽ ቆይቶ የልብ ጓደኛው ካሊድ ደወለለት።

«ምን ነካህ ወንድሜ? ባንተ ቦታ እኔን ላኩኝ። ስመለስ እጠይቅሃለሁ።»

ኢያሱ ስልኩን እንደያዘ ሚስቱን አያት። አንገቷን ደፋች።

«ካሊድ... አውሮፕላኑን ደህና አድርገህ እየው።»

«ዞሬ አይቼዋለሁ፤ ምንም የለበትም» አለና ዘጋው።

አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲዞር ክንፉ ተገነጠለ። ከተሳፈሩት አንድም ሰው አልተረፈም።

ለቅሶው አያት ኮንዶሚኒየም ነበር። የካሊድ ሚስት ነኢማ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ፣ ኢያሱን ስታይ ቀና አለች።

«ተሻለህ ወይ? ሲወጣ እኮ ስላንተ ነበር የሚጨነቀው።»

ኢያሱ መሬት መሬት እያየ ወደ ወንዶቹ አለፈ። አስመረት ነኢማን አቅፋ ስታለቅስ ነኢማ መልሳ እሷን አባበለቻት።

ምርመራ ሲጀመር አስመረት ስለ ስንጥቁ ያየችውን፣ የተባለችውንም ሁሉ ተናገረች። አቶ ገሰሰ ከሥራ ተነሱ። ስለዚያ ጠዋት ሕመም የጠየቃት አልነበረም፤ እሷም አላነሳችውም። ኢያሱ ከዚያ ወዲህ አልበረረም። አንድ ቤት እያደሩ ቃል ሳይለዋወጡ ሰነበቱ።

ከወራት በኋላ ብቻውን ሄዶ ለነኢማ እውነቱን ነገራት። ምን እንደመለሰችለት ለሚስቱ አልነገራትም። ልብሱን በሻንጣ አድርጎ ሃያ ሁለት ሰፈር ያለው ወንድሙ ጋ ገባ።

አስመረት ቅዳሜ ረፋድ ላይ አያት ሄዳ የነኢማን በር አንኳኳች። ከውስጥ የልጆች ሳቅና ሩጫ ይሰማል። ነኢማ ከፈተችና አየቻት።

«ልጆቹ ተኝተዋል» አለቻት፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።