ክንፍ የሌለው አዞ

«ነህምያ በአንድ ከሰዓት ሦስት ዝሆን ጥሏል። ይሄን ማንም አይክደውም» አለች እድላዊት።

«ጥሏል። ግን ክንፍ ጨምሮበት ቢሆን ኖሮ ስድስት ይጥል ነበር» አለ ዮናስ፣ የያዘው ንፍሮ እጁ ላይ እየቀዘቀዘ።

ሁለቱም የሟቹ የነህምያ ጓደኞች ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ አብረውት ጨርሰው አብረውት ሥራ ሲፈልጉ የከረሙ። የሚንሾካሾኩት ኋላ ወንበር ላይ ሆነው ነው። የሀዘን ድንኳን ግን ምሥጢር አይዝም። ፊት ለፊት ፍራሽ ላይ የተቀመጠው የነህምያ አባት ባፈና ሰማቸው፤ ከጎኑ ያሉት ታላቅ ወንድሙ አቶ ወልደሥላሴም ሰሙ።

ነህምያ በወባ ካረፈ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ባፈና እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ነቅቷል ለማለትም ይከብዳል። ዓይኑን ከደን ሲያደርግ ሠላሳ ዓመት ዓሣ ያጠመደበት የጫሞ ሐይቅ ይመጣል፤ ውሃው ዝም ብሎ፣ ልጁ ዳር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ። ሲገልጥ ደግሞ «እግዜር ያጥናህ» የሚል ሰው ፊቱ አጎንብሷል። የቱ እውነት፣ የቱ ሕልም እንደሆነ መለየቱን ትቶታል።

አቶ ወልደሥላሴ ከደጋው ከገረሴ የወረዱት ጦር ይዘው ነው። በእነሱ ቤት ወግ፣ በሰልስት ዕለት የቤተሰቡ ታላቅ ጦሩን ይዞ ይነሣና የሟቹን ሙያ ለለቀስተኛው ይናገራል። ከመጡ ጀምሮ «ምን ልበል? ልጅህ ምን ሠራ?» እያሉ ወንድማቸውን ሲጠይቁት ነበር። ስለ አንድ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ሥራ ፈላጊ ምን ይባላል?

ሽማግሌው አሁን ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። «ሦስት ዝሆን! ምነው ደበቅከኝ? አደን ዛሬ ክልክል ነው ብለህ ፈርተህ ነው? በሀዘን ቤት ማን ይከሳል?»

ለደጋ ሰው ቆላው ሁሉ ጫካ ነው፤ አይፈረድባቸውም። ባፈና ግን ልጁ ከበግ በላይ የሆነ እንስሳ ሲታረድ እንኳ ቆሞ ማየት እንደማይችል ያውቃል። «አይደለም» ማለት ነበረበት። አላለም። ልጁ ነገ የጀግና ስም ሊያገኝ ነው፤ የትኛው አባት እምቢ ይላል? ዓይኑ ግን ኋላ ወደተቀመጡት ወደ ሁለቱ ወጣቶች ይሄድ ጀመር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ባፈና መረቡን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ወደ ቤት ሲገባ፣ ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ተጎንብሶ ነበር። ስክሪኑ ላይ የዝንጀሮ ፊትና የጎሽ ገላ ያለው ፍጡር ይንጎራደዳል።

«ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?»

«ጨዋታ ነው አባዬ። ሁለት እንስሳ ትመርጣለህ፣ አንድ ይሆኑልሃል። ከነሱ ሠራዊት ትሠራለህ። ተራ መጠበቅ የለም፤ አንተ ስታስብ ጠላት ይመጣል።» ወንበር ሳበለት። «ለአዞ የቱ ይሻላል? ጓደኞቼ ሁሉ ክንፍ ያለው ስጠው ይላሉ።»

በዚያ ቀን አዞ የባፈናን መረብ ቀዶበታል። «አዞ ክንፍ ምን ያደርግለታል? ውሃ ዳር ጌታ ነው። የሚደክመው ሜዳ ሲወጣ ነው። ከአህያ ጋር አዳቅለው፤ አህያ አይደክማትም።»

ነህምያ ሳቀ፤ ደስ ብሎት ነበር የሳቀው። ባፈና ግን የተናቀ መሰለውና «ዲግሪህን ለአዞና ለአህያ አበላኸው» ብሎት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጨዋታው አልተነጋገሩም። ወባው ሲይዘው ያወሩት ስለ ውሃና ስለ መድኃኒት ብቻ ነው።

በሰልስቱ ማለዳ፣ ሰው ሳይሞላ፣ ባፈና እድላዊትን ጠራት።

«ልጄ፣ ዝሆኖቹ የማን ነበሩ?»

ልጅቷ ደነገጠች። «የኔ ናቸው አባባ። የጨዋታ ዝሆኖች። ክንፍ ያላቸው።» ስልኳን አወጣች። «ተጫዋቾቹ አርባ እንሆናለን፤ ቴሌግራም ላይ እንከራከራለን። አንዱ ጨዋታው ድንቅ ነው ይላል፤ ሌላው ክንፍ ያለው ሁሌ ስለሚያሸንፍ ሰለቸኝ ይላል። ነህምያ አዞውን ከአህያ ጋር ሲያዳቅለው ሁላችንም ሳቅንበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አልነው። እሱ የመለሰልን ይኸው።» አነበበችለት።

«ክንፍ ክንፍ የምትሉ፣ አዞ አይታችሁ አታውቁም። አባቴ ሠላሳ ዓመት ከአዞ ጋር አንድ ውሃ ሲጋራ ኖሯል። ከአህያ ጋር አዳቅለው ያለኝ እሱ ነው። እናንተን ከማምን እሱን አምናለሁ።»

«ከዚያ እኔን ገጠመኝ» አለች እድላዊት ቀስ ብላ። «ዝሆኖቼ በርረው ደከሙና አረፉ። የሱ አዞ ደግሞ ሳይሮጥ፣ ሳይቆም መጥቶ ሦስቱንም ጣላቸው። የአዞውን ስም ባፈና ነበር ያለው።»

ባፈና ዓይኑን ከደነ። ጫሞ ዳር ጆሮው የረዘመ አዞ ቀስ እያለ ከውሃው ይወጣል፤ ነህምያም ዞሮ ያየዋል። በሦስት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንባው ፈሰሰ።

ከሰዓት ድንኳኑ ሞላ። በወጉ መሠረት የሟቹ ዕቃዎች ነጭ ጨርቅ ላይ ተዘርግተዋል፤ ፎቶው፣ የምረቃ ጋውኑ፣ ጫማው። አቶ ወልደሥላሴ ጦራቸውን ይዘው ተነሡ።

«ይህ ልጅ በአንድ ከሰዓት ሦስት ዝሆን...»

«ጋሼ፣ ይቆዩኝ» አለ ባፈና ቆሞ። «ልጄ ዝሆን አልገደለም። ሥራም አላገኘም። ኮምፒውተር ላይ እንስሳ እያዳቀለ ይጫወት ነበር፣ እኔም ተቆጣሁት። እሱ ግን ቁጣዬን ትቶ ምክሬን ያዘ። አርባ ሰው ሲስቅበት አባቴን አምናለሁ አለ። ሙያው ይሄ ነው። ሌላ አይነገርለት።»

ሽማግሌው ወደ ወንድማቸው ዞሩ።

«ምክሩስ? ረታለት?»

«ረትቶኛል» አለች እድላዊት ከኋላ፤ የአዞውንና የአህያዪቱንም ነገር አጫወተቻቸው።

«እንግዲያ ይነገርለታል» አሉና ጦሩን መሬት ላይ ተክለው ተናገሩለት። አዞውንም፣ አህያዪቱንም፣ የተሳቀበትን ምክርም አንድ ሳያስቀሩ። ለቅሶው ከፊተኞቹ ቀናት ሁሉ በረታ።

ሲጨርሱ ባፈና ወደ ቤት ገብቶ የልጁን ማውስ ይዞ መጣ። ገመዱን ጠቅልሎ ከፎቶው አጠገብ አኖረው። ተንበርክኮም፣ ልጁ ያደርግ እንደነበረው መዳፉን ጫነበት፤ የትኛው ጣት እንደሚጫን ግን አላወቀም። እድላዊት መጥታ አጠገቡ ተቀመጠችና ሌባ ጣቱን ያዘችለት።

ተጫነው። ጠቅ አለ። ትንሽ ጠበቀና ደግሞ ተጫነው።