መብራት ሲመጣ እንጨርሰዋለን

«ላሟን ነው መርገም!» አለች ጎረቤቲቱ ፌፋ፣ ለለቀስተኛው ቡና በትንንሽ ሲኒ እያዞረች። «አስፋልት ላይ የምትተኛ ላም! ባለቤቷን ነበር በገመድ ማሰር።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በኩባ፣ ባያሞ ከተማ ዳር ባለው በዚያ ሰፈር የኦስሜልን ሞት ላሟ ላይ ያላላከከ ሰው አልነበረም። አባቱ ኤውዳልዶ ብቻ አቀርቅሮ ሲኒውን ያያል። የተሰበረውን ሞተር ሳይክል በጋሪ ጭኖ ያመጣለት ሰውዬ፣ ልጁ ላሟን በደህና ዞሯት እንዳለፈ ነግሮታል። ከዚያ ወዲያ ነው መሪውን የሚይዘው የሞተሩ አንገት የተቆረጠው። አንገቱን የበየደው ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፣ ራሱ ኤውዳልዶ ነው።

ሚስቱ ዜናይዳ ከቀብር ወዲህ ከለቀስተኛ ጋር አልተቀመጠችም። በልጇ ፎቶ ፊት ለነፍሱ የተቀመጠውን የውሃ ብርጭቆ ትቀይራለች፣ ወጥ ቤት ገብታ ትቆማለች። እዚያው ጠራችው።

«አንተ፣ ሞተሩን ጠግነው።»

«በለቅሶ ቀን?»

«ልጄን ጠግኑልኝ ብል ማን ይሰማኛል? እሱን ጠግነው። የዘጠነኛው ቀን ጸሎት ሳያልቅ በጎማው ቆሞ ልየው።»

ፌፋ ሰምታ አጠገቧ ላለችው ሴት አንሾካሾከች። «አበደች እንዴ? ልጇን የበላ ብረት!»

«ተያት እባክሽ፣ ሐዘኑ ነው የሚያናግራት።»

ሞተሩ የኤውዳልዶ አባት ንብረት ነበር፣ ከኤውዳልዶም በዕድሜ ይበልጣል። ኦስሜል ሙሽራም አሳማም ጭኖበታል፤ ምጥ የያዛትን ሴት ሐኪም ቤት አድርሶ፣ ሲመለስ ሽንኩርት ጭኖ ይመጣል። በተሰበረ ቁጥር አባቱ ይበይደዋል። የብየዳ ማሽኑንም ከተጣለ የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ የሠራው ራሱ ነው። ማሽኑ ሲነሣ የመንገዱ አምፖል ሁሉ ይደበዝዛል፤ ፍሪጁ እንዳይቃጠል ዜናይዳ ስፒናውን ትነቅላለች። ኤውዳልዶ ከጓሮ «ጨረስኩ!» ሲል መልሳ ትሰካለች። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ነው የኖሩት።

ከአደጋው አንድ ቀን በፊት አንገቱ ላይ ስንጥቅ ነበር። ኤውዳልዶ ግማሹን በይዶ ግማሹ ሲቀረው መብራት ሄደ። ጠበቁ፤ እምቢ አለ። ውሃ እንዳይገባው ብሎ የቀረውን በስቱኮ ደፈነው። ልጁ የተዝረከረከ ነገር ስለማይወድ ቀለም ቀባበት።

«መብራት ሲመጣ እንጨርሰዋለን» አለ ኤውዳልዶ።

«አባዬ፣ ነገ ጠዋት ጭነት አለብኝ እኮ። ይይዛል?»

ደክሞት ነበር። ደግሞም ልጁ ፊት አልችልም ማለት አይወድም።

«በሬ ቢጎትተው አይላቀቅም! ሂድ» አለው።

ልጁ ስቆ ጀርባውን መታ አደረገው።

ኤውዳልዶ ጎማውን አቃና፣ ታንኩን ቀጠቀጠ። አንገቱን ግን በጆንያ ሸፍኖ ዞር ዞር ይልበታል። በዘጠነኛው ቀን ሴቶቹ መቁጠሪያ ይዘው ጸሎት እንደ ጀመሩ መብራት መጣ። ሌላ ማመካኛ አልቀረውም፤ ጆንያውን ገፈፈው። ግማሹ ስብራት የተቀደደ ብረት ነው፣ ያብረቀርቃል። ግማሹ ስቱኮ ብቻ ነው፣ እንደ ደረቀ ዱቄት ይራገፋል።

ቀና ሲል ዜናይዳ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

«ዜናይዳ» አለ። «ላሟ አይደለችም። እኔ ነኝ። ሳልጨርሰው…»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? ያን ቀን ስፒናውን ነቅዬ ‘ጨረስኩ’ እስክትል ጠበቅኩ። ሌሊት መብራት መጣ፣ አንተ ዝም። ፍሪጁ ተነቅሎ አደረ፣ ዓሣው ሸተተ። ጠዋት ዓሣውን ስጥል ልጄ ሞተሩን አስነሥቶ ሲወጣ አየሁት። አንተን ሳልጠይቅ ዝም አልኩ፣ እኔም አፈር ልብላ!»

ኤውዳልዶ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። ከሳሎን የሴቶቹ ጸሎት ይሰማል።

«ተነሥ» አለችው። «አሁን ጨርሰው።»

ገብታ ስፒናውን ነቀለች። እሱ የብየዳ ጭምብሉን ደፋ። ብልጭታው ሲነሣ የሳሎኑ አምፖል ደበዘዘ፣ የሴቶቹም ድምፅ ተቋረጠ። ያን መደብዘዝ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፌፋ አማተበች፤ ጸሎቱ ቀስ ብሎ ቀጠለ።

ብየዳውን ከዳር እስከ ዳር አደረሰው። ጭምብሉን ገለጠ፤ እንደ ልማዱ «ጨረስኩ!» ብሎ ግን አልተጣራም።

ዜናይዳ ስፒናውን በእጇ እንደያዘች በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

አዲሱን ብየዳ ብዙ አየችው።

«ይይዛል?»

ኤውዳልዶ ጭምብሉን መልሶ ፊቱ ላይ ደፋው። የሚበየድ ነገር አልቀረም ነበር። ዜናይዳ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እያየች ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ተመልሳ፣ ጎንበስ ብላ፣ ስፒናውን ሰካችው።