በራስጌዋ የተገኘው ጋቢ

የይጁቤ ገበያ ሰው እግሩን ማሳረፊያ በሚያጣበት ቀን እንኳ በሸጊቱ ዙሪያ ቦታ አይጠፋም። ጌሾዋን ዘርግታ የምትቀመጠው ከትልቁ ዋርካ ሥር፣ ጥላው እንደ ልብ ከሚያርፍበት ላይ ነው። ሽንኩርት ሻጮቹ ፀሐይ አናታቸውን እየበሳቸው፣ ጨው ሻጮቹ እርስ በርስ እየተገፋፉ ይውላሉ እንጂ ወደ እሷ ጥላ ፈቀቅ የሚል የለም። ጌሾዋን ግን ይገዟታል። ጠላ ሲጠነሰስ በሽታው የሚረሳ ይመስላል።

ሸጊቱ የሚጥል በሽታ አለባት። ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት ያደገ ነው፤ ባሏ ባገባት በዓመቱ ጥሏት ሲሄድ እሱ አልሄደም። ስትወድቅ ሰው ሁሉ "ክብሪት! ክብሪት!" ይላል። አንዱ ከሩቅ እጁን ዘርግቶ አፍንጫዋ ሥር ይጭርና ዘሎ ይሸሻል። አረፋዋ የነካው ሰው በሽታው ይጋባበታል ባዮች ናቸው። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ስትሄድ ክኒኗን የምትሰጣት ነርስ ፍቅርአዲስ "አይተላለፍም" ብላ ምላ ተገዝታ ነግራታለች። ለሸጊቱ መንገሯ ምን ይረባል? መንገር የነበረባት ለይጁቤ ነው።

መውደቋን ሸጊቱ አታስታውሰውም። የምታስታውሰው መንቃቷን ነው፤ አፍንጫዋን የሞላውን የክብሪት ሽታ፣ አፈር የገባበትን ፀጉሯን፣ ራቅ ብለው ክብ ሠርተው የቆሙትን እግሮች። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ የሰው እጅ እላይዋ ላይ አርፎ ብትነቃ ሌላ የምትመኘው ነገር አልነበራትም።

በሁዳዴ ጾም አጋማሽ አንድ የገበያ ቀን፣ የሽንኩርት ሻጯ የሥራነሽ ባል አበባው ፍየሎቹን ከዓባይ በረሃ እየነዳ ያን ሁሉ ዳገት ወጣ። ጾም ነውና ውሃ በአፉ አልዞረም። ገበያው መሀል ሲደርስ ፍየሎቹን በጎረቤቶቹ ስም እየጠራ ይቆጣቸው ጀመር። ሰው ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ አበባው ጉልበቱ ከዳውና ተዘረረ።

"ምች ነው! ምች መታው!" አለ ገበያው በአንድ አፍ።

የምች መድኃኒት ደግሞ የታወቀ ነው፤ ዳማከሴ ጨምቆ ማሽተት፣ ንፋስ እንዳያገኘው መከናነብ። ጥላና ሰፊ ቦታ ሲፈለግለት ያለው የሸጊቱ ዋርካ ሥር ብቻ ሆነ። ተሸክመው አምጥተው ከጌሾዋ አጠገብ አጋደሙት። ሥራነሽ ሰማያዊ ጥለት ያለውን የራሷን ጋቢ አለበሰችው፤ አንዱ ሌላ ጋቢ ደረበበት፤ ሌላውም ደረበ።

ሸጊቱ ፊቱን አየች። ቀልቷል፤ ጠብታ ላብ እንኳ የለበትም። ይህን ነገር ነርስ ፍቅርአዲስ ወረፋ ለሚጠብቁት የቆላ ሰዎች ስታስረዳ ሰምታለች።

"ጋቢውን አንሱለት" አለች። "ሙቀት ነው የመታው። እየቀቀላችሁት እኮ ነው።"

"ዝም በይ አንች!" አለች ሥራነሽ። "ደግሞ እንዳትነኪብኝ! ያንችን በሽታ ደርቦ ሊያገኘው ነው?"

ሸጊቱ እጇን ሰበሰበች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰበስበው የኖረችው እጅ ነው። አበባው ግን ትንፋሹ ይቆራረጥ ጀመር፤ የዓይኑ ነጩ ብቻ ታየ። ያን ጊዜ ተነሣች። ጋቢዎቹን ገፍፋ ወረወረች፣ የሸሚዙን ቁልፎች ፈታች፣ የውሃ ጀሪካኗን አንሥታ ከአንገቱ ጀምራ አፈሰሰችበት። ሰው ጮኸ፤ ጎትቶ ሊያስጥላት የደፈረ ግን አልነበረም። ለመጎተት እሷን መንካት ያስፈልጋላ!

"ውሃ ጨምሩልኝ! ሰፌድ አምጡና አናፍሱት! ባጃጅ ጥሩ! በአፉ እንዳትሰጡት፣ ራሱን አያውቅም፣ ያንቀዋል!"

ነጠላዋን እየነከረች በብብቱና በአንገቱ ላይ አደረገችለት። መጀመሪያ ቆማ ስታለቅስ የነበረችው ሥራነሽ፣ በኋላ ከጠላ ሻጮቹ ጀሪካን እየተሸከመች ታመላልስ ጀመር። ቆይቶ አበባው አቃሰተ። የሚይዘው ነገር ሲዳብስ የሸጊቱን እጅ አገኘና ጨበጠ። ሸጊቱ ደስ አላት፤ ሰው በሞት አፋፍ እያለ ደስ ሊላት አይገባም ነበር፣ ግን ደስ አላት።

ባጃጁ መጣ። ሁለት ወንድሞቹ ደግፈውት ሲገቡ ለሥራነሽ ቦታ አልተረፈም። ሰዉ ባጃጁን ተከትሎ ወደ ጤና ጣቢያው ጎረፈ፤ እሷ የተበተኑትን ጋቢዎች ለመሰብሰብ ወደ ኋላ ቀረች። በዚህ መሀል የሸጊቱ ግራ እጅ ደነዘዘ። ምን ሊመጣ እንደሆነ ታውቃለች። "ክብሪት አትጫሪብኝ" ለማለት አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣም።

ስትነቃ የክብሪት ሽታ የለም። በጎኗ ተጋድማለች፤ አጠገቧ ማንም የለም፤ ሰዉ ከሩቅ ወደየቦታው እየተመለሰ ነው። በራስጌዋ ግን የታጠፈ ጋቢ ነበር። ጋቢ ብቻውን ታጥፎ ከሰው ራስ ሥር አይገባም። ሰማያዊ ጥለቱን አየችና የማን እንደሆነ አወቀች።

አበባው ድኖ ወደ ቤቱ በተመለሰ ሰሞን ጋቢውን አጥባ ወሰደችላቸው። ሥራነሽ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው። ግቢ አላለቻትም።

"አጥቤዋለሁ" አለች ሸጊቱ።

"ይቅር፤ አንችው ልበሽው።"

ሸጊቱ ገባት። አረፋዋ ነክቶታል። አንገቷን ደፍታ ልትመለስ ስትል ሥራነሽ ክንዷን ያዘቻት፤ ግራና ቀኝ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ክብሪት ፈልጌ ነበር፣ አጣሁ። ምን ላድርግ፣ ራስሽን ታቅፌ ተቀመጥሁ። እስክትረጋጊ ይዤሽ ነበር። ሰው ሲመጣ ሳይ ነው የተነሣሁት።" ክንዷን ለቀቀቻት። "አደራሽን ለሰው እንዳትነግሪብኝ። ሽንኩርቴን የሚገዛኝ አጣለሁ።"

በሚቀጥለው ገበያ ሥራነሽ ሽንኩርቷን ፀሐይ ላይ ዘርግታ ስትሸጥ ዋለች። ዓይኗን ወደ ዋርካው አላነሣችም። ሸጊቱም አልተናገረችም። ያ ሁሉ ሙቀት እያለ ባለሰማያዊ ጥለቱን ጋቢ ተከናንባ ዋለች። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም።